የላሊሶ እግርና የእኔ ምስክርነት

ነሐሴ 16፣ ማክሰኞ። ጠዋት 1፡30

ጎዙ ዛሬ አልተጣበቀም። ለብ ባለ ጨው ውሃ አራስኩት፣ ሳብ ሳደርገው እሺ ብሎ መጣ። ደም የለም። ሽታ የለም። ከጭኑ ተነሥቶ ተረከዙ ሥር የተለጠፈው ቆዳ ይዟል። ቀለሙ ግን ከዙሪያው ጋር ገና አልተስማማም፤ አዲስ ጎረቤት ነው።

ላ. አያይም። በየጠዋቱ እግሩን ጭኔ ላይ ያሳርፍልኛል፣ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። ዛሬ ዳሞታ ተራራ ጭጋግ ለብሷል አለ። ሳይለብስ የዋለበት ነሐሴ የት አለና። እግሩን መልሼ ጠቀለልኩ።

አዲስ ደብተር ነሽና አንዳንድ ነገር ልንገርሽ። የቀድሞዋ በሐምሌ አለቀች። ላ. ማለት ላሊሶ ነው፣ ባሌ። ሙሉ ስሙን ከጻፍኩ ተቆጥቻለሁ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሁምቦን ቆላ በእግሩ የዞረ የግብርና ሠራተኛ። ሥራው ተበላ ከተማ ነው፣ ቤታችን ሶዶ። እኔ የት/ቤት ጸሐፊ ነኝ። አዘቦት የሰው ፈተናና ደብዳቤ ስተይብ እውላለሁ፣ ቅዳሜ የጸሎት ቤታችንን ወረቀት። ለአንቺ የሚተርፍሽ ፍርፋሪው ነው። አትቀየሚ።

አምና ተረከዙ ሥር ጥቁር ነጥብ ወጣ። የተበላ እሾህ ነው አለ። ስለ እሾህ እሱን ማን ያስተምረዋል ብዬ ተውኩት። በምላጭ ሊያወጣው ሞከረ፣ እሾህ የለም። ነጥቡ ሰፋ፣ ደማ። ግንቦት ላይ እኔው ጎትቼ ኦቶና ሆስፒታል ወሰድኩት። ናሙና ተቆርጦ አ.አ. ተላከ። መልሱ፦ ሜላኖማ። የቆዳ ካንሰር። ገና በጠዋቱ ነው የተያዘው፣ ብሽሽቱ ውስጥ አልገባም አሉ። ሐምሌ 3 ዙሪያውን ሰፋ አድርገው ቆርጠው አወጡለት።

ይኸው ነው። ቢሮ ረፈደብኝ።

ነሐሴ 19፣ ዓርብ

ከሐኪም ቤት አሁን ገባን። ነጠላዬን እንኳ አላወረድኩም።

ዶ/ር ሄኖክ፣ ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም፣ እግሩን አየ፣ ደስ አለው። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኛ ሳበ። ሐኪም ወንበር ሲስብ አልወድም።

ያለው ይህ ነው። የሚታየው ሁሉ ወጥቷል። የማይታይ ፍንጣሪ ሰውነቱ ውስጥ ይኑር አይኑር ግን ማንም አያውቅም። ቢኖር አንድ ቀን ሳንባው ላይ፣ ጉበቱ ላይ ሊበቅል ይችላል። አ.አ. አንድ ጥናት አለ፤ እንደ ላ. በጊዜ ተቆርጦ ለወጣላቸው ሰዎች። መድኃኒቱ ኢሚውኖቴራፒ ይባላል። ካንሰሩን ራሱ አይመታም፤ የሰውነትን ጠባቂዎች ነው የሚቀሰቅሰው። ካንሰሩ የጠባቂዎቹን ዓይን የሚሸፍንበት ዘዴ አለው፣ መድኃኒቱ መሸፈኛውን ያነሣል። በሽታው ለተስፋፋባቸው ሲሠራ ታይቷል። ከቀዶ ጥገና በኋላ፣ ምንም ለማይታይበት ሰው ይጠቅም እንደሆነ ነው አሁን የሚፈተነው። በሦስት ሳምንት አንዴ በደም ሥር ይሰጣል፣ አንድ ዓመት። ጠባቂዎቹ ተሳስተው የገዛ አካልን ሊነኩም ይችላሉ። እሱንም አልደበቀንም።

ደግሞ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ግማሹ ሰው መድኃኒቱን ያገኛል፣ ግማሹ ተራ ጨው ውሃ። በዕጣ። ኮምፒዩተር ነው የሚያወጣው፤ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቁም። ሁለተኛ፣ ከቀዶ ጥገናው በ12 ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት። ማለትም እስከ መስከረም 22። ምርመራው ቀን ስለሚፈጅ መስከረም 15፣ ሰኞ ጠዋት፣ አ.አ. መገኘት አለብን። ካለፈ አለፈ።

እኔ ጨው ውሃው ላይ ቱግ አልኩ። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ጨው ውሃ! ከኩሽናዬ ምን አነሰው? ላ. ግን ሳቀ። ተበላ ላይ የበቆሎ ዘር ሲሞክሩ እሱ ራሱ ለገበሬዎቹ ዕጣ ያወጣ ነበር፤ ለአንዱ አዲሱ ዘር፣ ለአንዱ የድሮው። አንድ ገበሬ የድሮው ደርሶት አለቀሰ። ያን ለዶክተሩ አጫወተው። የማነጻጸሪያ ማሳ ከሌለ አዲሱ ይሻላል ማለት ወሬ ነው አለ። ዶክተሩ እጁን ጨበጠው። ሁለቱ ተግባቡ፣ እኔ መሃላቸው እንደ ሻንጣ ተቀምጬ።

ይሄዳል ብዬ ነው የወጣሁት። ባጃጅ ውስጥ ጠየቅኩት። እናያለን አለ።

ነሐሴ 21፣ እሁድ። ከሰዓት

ጸሎት ቤት ዋልን። ላ. በክራንች እስከ ሽማግሌዎች መቀመጫ ሄደ። ሽማግሌ ነው፤ በዕድሜው ሳይሆን ተመርጦ። ሰው ሁሉ ሳሮ፣ ሳሮ እያለ ይስመዋል። የዳነው ሰውዬ ይሉታል።

እማማ ዳልኬ ጎንበስ ብላ ጫማውን ነካች። የእናቶች ጸሎት መሪያችን ናት። እኔ ሻሸመኔ ተወልጄ በጋብቻ የመጣሁ ስለሆንኩ ወላይትኛ እሰማለሁ እንጂ አፌን አልፈታሁበትም፤ ስለዚህ ለእኔ አማርኛዋን ታወጣልኛለች። በሷ አማርኛ ሴቱም ወንዱም "አንተ" ነው።

"የጌታ ሥራ አየህ?" አለችኝ።

አየሁ አልኩ። ላ. አንገቱን ደፋ።

ቤት ገብተን ሻሼን ሳልፈታ ተናገረ። አዲስ አበባ አልሄድም። ለምን? እግሩ ድኗል። ተበላ ሥራ ተከምሯል። መስከረም 14 ደግሞ ጊፋታ ነው፤ ወላይታ በዘመን መለወጫው ከቤቱ አይወጣም፣ የወጣውም ይመለሳል።

ሦስት ምክንያት የሚሰጥሽ ሰው አራተኛውን ይዞብሻል ትል ነበር እናቴ።

ነሐሴ 25፣ ሐሙስ

ምዝገባ ተጀመረ። ሰልፉ እስከ አጥሩ በር። ቀኑን ሙሉ የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ጣቴ ራሱን ችሎ ይተይባል፣ ሐሳቤ ቤት ነው።

ላሊሶ። ላሊሶ። ላሊሶ።

ምሳ ላይ አራተኛ ምክንያት አመጣ። ቦታው ለወጣት ይሰጥ አለ። እኔ ልጄን አሳድጌ ድሬያለሁ፣ ገና ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይግባበት። ሳህኑን ገፋሁ። እኔንስ ማን ሊያሳድገኝ ነው? አልኩት። ሳቀ። ሳቁን ስለምወደው ይበልጥ ተናደድኩ።

ቢሮ ተመልሼ ለዶ/ር ሄኖክ ደወልኩ። በእሱ ምክንያት ቦታ የሚያጣ ሰው የለም አለኝ። እንዲያውም ሰው ይፈልጋሉ። ማታ ለላ. ነገርኩት። እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው ብሎ ሬዲዮ ከፈተ።

ይህ ሰው የሰው ከብት ሲታመም ተበላ ድረስ በዝናብ የሚሄድ ሰው ነው። የገዛ ራሱ ነገር ሲሆን ምን ነካው?

ጳጉሜን 2፣ ሐሙስ። ማታ

ከማክሰኞ ጀምሮ ተኮራርፈናል። ኩርፊያችን ሥርዓት አለው፤ ሻይ እቀዳለሁ፣ ስኳሩን ግን ራሱ ይጨምራል።

ሐሙስ ግን ሐሙስ ነው። ዶክተሩ ብሽሽቱን በየሳምንቱ እንድዳስስ አሳይቶኛል። በሦስት ጣት፣ ቀስ ብሎ፣ ንፍፊት እንዳለ እያዳመጡ። ላ. ተጋደመ። እሱ ጣሪያ ያያል፣ እኔ ግድግዳ። ግራ፣ ምንም። ቀኝ፣ ምንም። እንደገና ቀኝ። ምንም የለም። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ኖሮ አንድ ላይ ለቀቅነው። ከዚያ በኋላ መኳረፉ አስቸገረ።

ከሥራ ስመለስ የታመመ እግሩን ዘርግቶ ዱካ ላይ ተቀምጦ ቦይናውን፣ የዚህን አገር ጎደሬ፣ ልጦ ቀቅሎ ጠበቀኝ። ግማሹን አልላጠውም ማለት ይቻላል። ጨው የለው። በላሁት። ደግሞ ጨመርኩ።

ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሌላ ሃያ ስድስት እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ለአንቺ በግልጽ ነገርኩሽ። ለእሱ ግን ቦይናው ጥሩ ነው ብዬ ብቻ ተነሣሁ።

መስከረም 1፣ ሰኞ

እንቁጣጣሽ። ልጃችን ምሕረት ከአረካ መጣች፤ እዚያ ታስተምራለች። ዝንጅብልና አንድ ዘለላ ሙዝ ይዛ። አባቷን ሳመች፣ እግሩን አየች፣ ጎበዝ አለችው። ከዚያ ማጀት ገብታ በሩን ዘጋች።

እማዬ፣ ለምን እንደማይሄድ አታውቂም? አለችኝ።

አላውቅም።

አባቷ በስልክ ነግሯት ኖሯል፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎ። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ይዛው ከረመች። የነገራትን እንዳለ ጻፍኩት፦ "እናትሽ በጉባኤ ፊት ቆማ 'ጌታ ነግሮኛል' ብላለች። እኔ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ ስመላለስ ሰው ምን ይላታል? ውሸታም ሲሏት ከምሰማ..." ከዚያ ስልኩን ዘጋው አለች።

የያዝኩት ሽንኩርት ነበር። ሽንኩርቱ ነው አልኳት። አላመነችኝም።

ለአንቺ ያልነገርኩሽ ይህን ነው፤ አፍሬ ነው። ሐምሌ 9፣ በተቆረጠ በስድስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ምስክርነት አለን የሚል ሲባል ተነሣሁ። ሐኪሙ የሚታየው ሁሉ ወጥቷል ብሏል አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም እውነት ነበር። እልልታው ቀለጠ፣ አፌ ቀደመኝ። በሽታው ላይመለስ ተነቅሏል አልኩ። ባሌ ከእንግዲህ መርፌ አይነካውም፣ የሐኪም ቤት ደጃፍ አይረግጥም፣ ጌታ ነግሮኛል አልኩ። አስተርጓሚው፣ የመዘምራኑ መሪ፣ ከእኔ በላይ ጮሆ ወደ ወላይትኛ መለሰው። ሰው ቆመ። እማማ ዳልኬ አለቀሰች።

ጌታ ምንም አልነገረኝም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በቃ። ስድስት ቀን ሳልተኛ ከርሜ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የሳምንቱን የጸሎት ርዕሶች ስተይብ ስሙን ከ"ሕሙማን" አውጥቼ "ምስጋና" ሥር አስገባሁት። በራሴ ጣት። ሽማግሌ ላሊሶ፣ ስለ ፈጸመ ፈውስ።

አሁን ያ ሰው የእኔን ቃል ላለማፍረስ ሰውነቱን ሊያስይዝ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግትር ስለው።

መስከረም 3፣ ረቡዕ

ቁርስ ላይ ፊት ለፊት ተናገርኩ። ምሕረት ነግራኛለች። ቀና አላለም። ዳቦውን ቆረሰ፣ አልጎረሰም።

ብልሃት አምጥቼ ነበር። ለሰው የእህቴ ልጅ ሻሸመኔ ታማለች እንላለን፣ በየሦስት ሳምንቱ እሷን ልንጠይቅ ነው የምንሄደው። ሲታሰብ የሚያምር ነበር። ላ. አየኝ። አንዱን ለመሸፈን ሌላ? አለ። ሰርቄ የበላሁት የለም፣ ሰርቄ አልታከምም። ደግሞ ቀስ ብሎ ጨመረ፤ አንቺም ስለ እኔ ብለሽ እንዳትናገሪ። የሰው ፊት ክፉ ነው።

እሱ የሚጨነቅልኝ በሰው ፊት እንዳላፍር ነው። እኔስ የምጨነቅለት? ብሽሽቱን ስዳስስ አንድ ሐሙስ ጣቴ የሆነ ነገር ቢነካስ?

መጋቢያችን ጋ ሄድኩ፣ ከሥራ በኋላ። ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ከፈለግሽ በማስታወቂያ ሰዓት እኔ እናገራለሁ አለኝ። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። እሺ አልወጣኝም። ያንን ቃል ስናገር ማንንም አልወከልኩም። እሁድ አምስት ደቂቃ ስጠኝ አልኩት።

ወደ ቤት ስሄድ ባጃጅ ያዝኩ። ለሁለት ፌርማታ መንገድ!

መስከረም 6፣ ቅዳሜ

ተየብኩት። "ሕሙማን" የሚለው ሥር፣ ከላይ። ሽማግሌ ላሊሶ፣ ለተጨማሪ ሕክምና አ.አ. ስለሚሄድ። አጠፋሁት። ደግሞ ተየብኩት። የማተሚያው ቀለም አልቆ ወረቀቱ ሐመር ወጣ። ይሻላል፣ ባይነበብ ብዬ ተመኘሁ። ፈሪ ነኝ። ቀለሙን ቀይሬ እንደገና አተምኩ።

ለላ. አላሳየሁትም።

መስከረም 7፣ እሁድ። 9 ሰዓት

እንዳይረሳኝ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

መዝሙር አለቀ። መጋቢው ስሜን ጠራ። ላ. ከሽማግሌዎች መቀመጫ ዞሮ አየኝ፤ አያውቅም ነበር። አስተርጓሚው ያው የመዘምራኑ መሪ ነው። አጠገቤ ቆሞ ፈገግ አለ፤ ሌላ ምስጋና መስሎታል።

በሐምሌ ስለ ባሌ መስክሬ ነበር አልኩ። ተረጎመ። ሰው አሜን አለ። ሐኪሙ ያለው የሚታየው ሁሉ ወጥቷል ነው፣ የቀረውን እኔ ጨምሬበታለሁ አልኩ። ተረጎመ፣ ድምፁ ቀነሰ። ጌታ ነግሮኛል ያልኩት ውሸት ነው አልኩ፤ አልነገረኝም።

አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም።

አየሁት። ማይኩን ይዞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። በእሱ አፍ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይውጣ። አማርኛ የሚሰሙት ሰምተዋል፤ ከኋላ ያሉት እናቶች ምን አለች እያሉ ይጠያየቃሉ። እግሬ ሥር ያለውን የምንጣፍ ቀዳዳ አሁንም አየዋለሁ።

ከዚያ ክራንች ሰማሁ። ጣ፣ ጣ። ላ. ተነሥቶ እየመጣ ነው። አስተርጓሚውን ትከሻውን ነካ አደረገው፣ ማይኩን ተቀበለው፣ አጠገቤ ቆመ። በወላይትኛ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ሳያስቀር ተረጎመው። አስተርጓሚ እንደሚያደርገው "እኔ" እያለ። ጌታ ነግሮኛል ያልኩት ውሸት ነው። አልነገረኝም። ፈርቼ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በእሱ ድምፅ ስሰማው እንባዬ መጣ።

ቀጥይ አለኝ በዓይኑ።

በሽታው ይመለስ አይመለስ አናውቅም አልኩ። ተረጎመ። አዲስ መድኃኒት የሚፈተንበት ቦታ አለ፣ መድኃኒቱ ይድረሰው ውሃ ይድረሰው አናውቅም፣ ግን እንዲሄድ እፈልጋለሁ። ተረጎመ። ጸልዩልን፣ እኔንም ይቅር በሉኝ። ይህንን ለመተርጎም ሁለቴ ሞከረ።

እልልታ የለም። አሜንም የለም። ተቀመጥኩ። ከኋላዬ አንዱ እምነት ማነስ ነው ሲል ሰማሁ። ይሁን።

ስንወጣ እማማ ዳልኬ በሩ ላይ ቆማለች። ላልፋት ፈለግሁ፣ ነጠላዬን ያዘች። "አንተ ደስታ ነው የተናገረ" አለች። "እኛም ደስታ ነው የሰማን። አሁን ሂድ። ባልህን ይዘህ ሂድ።" ከዚያ ወላይትኛዋን ለላ. አወረደችው። ሁሉንም አልያዝኩትም። ሎኦ፣ ሎኦ ሲል ነበር፤ ጥሩ፣ ጥሩ፣ እንደ ተገሠጸ ልጅ።

ቤት ገባን። ውሃ አሞቅሁ። እግሩን ጭኔ ላይ አሳረፈ። ወደ መስኮት አልዞረም። ጎንበስ ብሎ ተረከዙን አየው፣ ረጅም ሰዓት። አስቀያሚ ነው አለ። ነው አልኩት። ሳቅን። ለዶ/ር ሄኖክ ደወለ፣ ራሱ።

መስከረም 13፣ ቅዳሜ

የጊፋታ ዋዜማ። ሰፈሩ ሁሉ ቢላ ይስላል። የጎረቤቱ በሬ ታርዶ ሥጋው ቅጠል ላይ በየድርሻው ተቀምጧል፣ ልጆች ዳታ በርበሬ ለመደቆስ ይሻማሉ። እኛ ሻንጣ እናጭቃለን። ድርሻችንን ለእማማ ዳልኬ ሰጠናት። በለውጡ በቅቤ የራሰ የቆጮ ሙቹዋ በቆርቆሮ ሞልታ ላከችልን፤ አዲስ አበባ ቆጮ አያውቅም ብላ።

ርእሰ መምህሩ ፈቃድ ሰጠኝ። ወደ ፊት ስንት ጊዜ እንደምጠይቀው ገና አልነገርኩትም። አንድ በአንድ።

ላ. ከሰዓት በኋላ ተደበቀ። ጓሮ አገኘሁት፤ እንሰቱ ሥር ቆሞ የከብቱን ጩኸት ይሰማል። በሕይወቱ ጊፋታን ከቤቱ ውጭ አሳልፎ አያውቅም። እንቅር እንዴ አልለውም። ቅር ማለት አልችልም። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

መስከረም 14፣ እሁድ። መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከእኛ ጋር አንድ የስልጤ ነጋዴ ብቻ፤ እሱም እንቅልፍ ላይ። ከፊት ለፊት የሚመጡት ግን በሰው ታጭቀዋል፣ ጣሪያቸው ላይ ፍራሽና በግ። ወላይታ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እኛ እንወጣለን። ረዳቱ አይቶን፣ ዛሬ ማን ሞቶ ነው? አለ። ላ. ማንም እንዳይሞት ነው አለው።

አረካ ላይ ምሕረት መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። በመስኮት የአባቷን እጅ ያዘች። ሾፌሩ አልቸኮለም፤ እግዜር ይስጠው።

መስከረም 16፣ ማክሰኞ። አ.አ.

ደም፣ ሽንት፣ የሳንባ ፎቶ፣ የልብ ምርመራ። ሻንጣችንን ይዘን ከክፍል ክፍል። ሳንባው ንጹሕ ነው። ንጹሕ! ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንቺ ብቻ።

የስምምነት ቅጹ ብዙ ገጽ ነው። ላ. እያንዳንዱን መስመር አነበበ፣ እንደ ማዳበሪያ ደረሰኝ። በማንኛውም ቀን ማቆም ይችላሉ የሚለው ላይ ቆመ። አስበህበት ነው? አልኩት። ገበሬዎቼም እንዲህ ያለ ነገር ቢፈርሙ ጥሩ ነበር፣ እኛ ዝም ብለን ነበር ዕጣ የምናወጣባቸው አለ። ፈረመ።

ነገ መስቀል ነው፣ ይዘጋል። ፔንሲዮናችን ጠባብ ናት፣ ክራንቹ በሩን አያስዘጋም። ሙቹዋውን በቆርቆሮው ክዳን በላን። ያ ያለቀሰው ገበሬ መጨረሻው ምን ሆነ? ብዬ ጠየቅኩት። ያን ዓመት ዝናብ ጠፋ አለ፣ የሁሉም ደረቀ። እንዲህ ነው ማጽናናት! ትራሱን ወረወርኩበት።

መስከረም 19፣ ዓርብ። 3 ሰዓት

ዕጣው ትናንት ወጥቷል አሉን። በሆነ ኮምፒዩተር ውስጥ። ወጥቷል፣ ማንም አያውቀውም።

ተራ እንጠብቃለን። ላ. ተረጋግቷል። እኔ ነኝ ሽንት ቤት የምመላለሰው።

እሱ ውሃው ቢደርሰኝም ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል ይላል። እውነቱን ነው። ከልቡም ነው። እኔ ግን ለሚቀጥለው ሰው ገና አልደረስኩም። መድኃኒቱ ይድረሰው። በጸሎት ቤት አልለውም፣ ለእሱም አልለውም። መድኃኒቱ ይድረሰው፣ መድኃኒቱ፣ መድኃኒቱ። ስሙን ጠሩ።

6 ሰዓት

ከረጢቱ ተሰቅሏል። ውስጡ ንጹሕ፣ ቀለም የለው። አሥር ጊዜ አየሁት፣ አንድም ነገር አልነገረኝም። አንዳንዱን ሰው ያሳክከዋል ብለውን ነበር። ግማሽ ሰዓት እንደ ሆነው ላ. ክንዱን አከከ። ብድግ አልኩ፣ ነርሷን ጠራሁ፣ ደስታዬ ፊቴ ላይ። ባሏን ሲበላው ደስ የሚላት ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? ነርሷ አየችው። ፕላስተሩ ነው አለች። ላ. እስኪያስለው ሳቀ።

አሁን ነርሷ የመጨረሻዋን ገጽ ይዛ መጣች። ጥናቱ ሲያልቅ፣ ከዓመታት በኋላ፣ የትኛው እንደ ደረሰው ይነገራል። እሱን ስልክ ላይ ባናገኘው ለማን እንንገር? አለች።

መጀመሪያውኑ ለባለቤቴ ንገሯት አለ ላ.። ለእኔ እሷ ትነግረኛለች። ለሰውም የምትናገረው እሷ ናት።

ቀና ብዬ አላየሁትም። ቢሮ ስንት ሺህ ቁጥር የተየብኩ ሴት የገዛ ስልኬን ቁጥር አጣምሜ ጻፍኩት። ነርሷ ወረቀቱን አየችው። እማዬ፣ ይህ አይነበብም፣ እንደገና ይጻፉልኝ አለች።

እንደገና ጻፍኩት፣ በትልቁ።